ብርቱካን፣ ቃሪያና ጽጌረዳ ውስጥ የሚያድገው ትል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቃሪያ ገበሬ፣ የብርቱካን አትክልተኛ፣ የጽጌረዳ እርሻ ሠራተኛ፣ ለዘመዶቹ ትኩስ ነገር ሻንጣው ውስጥ ሊከት የተዘጋጀ መንገደኛ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የሁሉም ጥያቄ ስለ አንዲት ትንሽ አመድማ የእሳት እራትና ፍሬ ውስጥ ተደብቆ ስለሚያድገው ልጇ ነው። አብዛኛው ሰው እናቲቱን አይቷት አያውቅም፤ ልጇን ግን ብርቱካን ሲልጥ ወይም ቃሪያ ሲሰነጥቅ አግኝቶታል።

ስሙ ማን ይባላል?

ሳይንሳዊ ስሙ ታውማቶቲቢያ ሊውኮትሬታ ነው። በእንግሊዝኛ ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ ይሉታል፤ የአበባ እርሻ ሠራተኞች ደግሞ በምህጻር ኤፍ.ሲ.ኤም. ብለው ይጠሩታል። «ፎልስ» ማለት ሐሰተኛ ነው። ይህ ቅጽል የተሰጠው ፖም የሚያበላሸውን ኮድሊንግ የተባለ ዘመዱን ስለሚመስል ነው። በበኩሌ ስያሜው ቅር ይለኛል። የፖሙ ትል ከአውሮፓና ከእስያ ምድር ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ ይህኛው ግን የአፍሪካ ተወላጅ ሆኖ ሳለ በገዛ አገሩ የሌላ ግልባጭ ተደርጎ ተጠራ። በደቡብ አፍሪካ የናታል ግዛት የብርቱካን ተባይ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1899 ተመዝግቧል፤ በሳይንስ ደንብ ተገልጾ ስም የወጣለት ደግሞ በ1913 ነው። ታውማቶቲቢያ የሚለው ቃል «አስደናቂ ቅልጥም» እንደ ማለት ነው፤ የወንዱ የኋላ እግር ጥቅጥቅ ባለ ጸጉር የተሸፈነ ስለሆነ ይህ ስም በደንብ ይስማማዋል።

ቅጠል ጠቅላይ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የተጠቀለለ ቅጠል ካየሁ እሱ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ግራ መጋባቱ የመጣው ከቤተሰቡ ስም ነው። ይህ የእሳት እራት ቶርትሪሲዴ የሚባለው ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ ስሙ ማጣመምን ወይም መጠቅለልን ከሚገልጽ የላቲን ቃል የመጣ ነው። ቤተሰቡ ከ10,000 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ ትሎች ከአፋቸው በሚያወጡት የሐር ክር የቅጠሉን ጠርዝ እየሳቡ ይጠቀልሉና በውስጡ ሆነው ቅጠሉን ይበላሉ። ጥቅሉ ከወፍና ከተርብ የሚሰወሩበት ቤታቸው ነው።

የእኛው ዝርያ ቅጠል መጠቅለሉን ትቶ መደበቂያውን ፍሬ ውስጥ አደረገ። የሐር ክሩን ግን አልተወም፤ ወደ በኋላ እንደምናየው አፈር ውስጥ ይፈትለዋል። ነገሩ ከስም ያለፈ ትርጉም አለው። «ቅጠል ጠቅላይ» የሚለውን የሰማ ገበሬ ቅጠል ቅጠሉን ሲያይ ይውላል፤ ትሉ ግን ፍሬው ውስጥ ነው። ብርቱካንዎ ወይም ጽጌረዳዎ ላይ የተጠቀለለ ቅጠል ካገኙ ሌላ ተባይ ነውና ቅጠሉን ፈትተው ያለውን ይመልከቱ።

እንደ አሜሪካ መጤ ተምች ከውጭ የገባ ነው?

ከውጭ የገባ አይደለም። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የትውልድ አገሩ ነው። ብርቱካን ወደ ምድራችን ከመምጣቱ በፊት በዱር ፍሬዎች ላይ ይኖር ነበር። በደቡባዊ አፍሪካ ዛሬም ከእንኮይ፣ ከዶቅማና ከኮሽም ጋር በሚዛመዱ የዱር ዛፎች ፍሬ ውስጥ ይገኛል። አዲሱ ነገር የእኛ እርሻ ነው፦ ብርቱካን በሰፊ ማሳ፣ ቃሪያ በመስኖ ዓመቱን ሙሉ፣ ጽጌረዳ በላስቲክ ቤት። ቀድሞ ፍሬ የሚያገኘው ወቅት ጠብቆ ነበር፤ አሁን ማዕዱ አይነሳም።

አገር በቀል መሆኑ አንድ መልካም ነገር አለው። ተፈጥሯዊ ጠላቶቹም እዚሁ አብረውት አሉ። ይህን ስለ መርጨት ስንነጋገር እመለስበታለሁ።

የትኞቹን ዕፅዋት ያጠቃል?

ባለሙያዎች አስተናጋጅ የሚሏቸው፣ ማለትም ትሉ በልቶ የሚያድግባቸው ዕፅዋት ከ70 ይበልጣሉ፤ ወደ 40 የሚጠጉ የዕፅዋት ቤተሰቦችን ያካልላሉ። እንዲህ ምግብ የማይመርጥ ነፍሳት ብዙ የለም።

ብርቱካን ዋናው ነው፤ በተለይ እምብርት ያለው፣ ኔቭል የሚባለው ዓይነት ለጥቃት በጣም የተጋለጠ ነው። መንደሪንና ግሬፕፍሩትም አይቀሩለትም። ሎሚ ግን ልዩ ነው፤ ትሉ ሎሚ ውስጥ አድጎ ለመውጣት እጅግ ይቸገራል። የአውሮፓ ኅብረት በብርቱካን ዘሮች ላይ ያወጣው ደንብ ሎሚን የማይነካው ለዚህ ነው። ከጓሮ ፍሬዎች ዘይቱን፣ ኮክና ሮማን ይወደዱለታል። ከሰብል ደግሞ ቃሪያ፣ የጥጥ ፍሬና የበቆሎ እሸት አሉ። ማካዳሚያ የተባለውን ለውዝም ቅርፊቱ ሳይጠነክር ይገባበታል። ጽጌረዳ ፍሬ ባይሆንም እንቡጧ ለትሉ ያው እንደ ፍሬ ነው፤ ድፍን፣ እርጥብና ከውጭ የማይታይ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ጉሎን ነው። በአጥር ጥግ፣ በቦይ ዳር፣ በቆሻሻ መጣያ አጠገብ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ፍሬውም ለረጅም ጊዜ አይጠፋም። ብርቱካኑ ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ቃሪያው ተነቅሎ መሬቱ ሲያርፍ፣ የእሳት እራቷ ልጆቿን ጉሎ ላይ ታሳድጋለች። በሚቀጥለው ወቅት «ከየት መጣ?» ተብሎ የሚጠየቀው ትል ብዙ ጊዜ ከአጥሩ ሥር አልራቀም ነበር። ማሳውን ብቻ የሚያይ ገበሬ የተባዩን ግማሽ ሕይወት አያየውም።

ከእንቁላል እስከ እሳት እራት ስንት ቀን ይፈጅበታል?

ሙቀቱ ይወስነዋል። እንስቷ ማታ ማታ እየበረረች እንቁላሎቿን አንድ በአንድ ነጣጥላ ልጣጭ ላይ ትጥላለች። እንቁላሉ ጠፍጣፋና ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ያለ አጉሊ መነጽር ለማየት ያስቸግራል። አንዲት እናት በምቹ ሁኔታ እስከ 800 እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

የተፈለፈለው ትል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወዲያው ልጣጩን በስቶ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚታየው የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ናት። ውስጥ ሲያድግ ነጣ ካለ መልክ ወደ ቀላ ያለ ሮዝ ይለወጣል፤ ርዝመቱም እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ብርቱካን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ትል ብቻ ነው፤ ሁለት ከገቡ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ሲጠግብ ከፍሬው ወጥቶ ወደ መሬት ይወርዳል፤ አፈርና ብጥስጣሽ ቅጠል በሐር ክር አጣብቆ ትንሽ ከረጢት ይሠራና ባለሙያዎች ፑፓ ወደሚሉት የለውጥ ደረጃ ይገባል። ክንፉ ሲዘረጋ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል።

በሞቃት ወቅት ይህ ሁሉ በአንድ ወር ወይም በአንድ ወር ተኩል ሊያልቅ ይችላል፤ በቀዝቃዛ ወቅት ሦስት ወር ይወስዳል። ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። ነገር ግን እንደ ብዙ የቀዝቃዛ አገር ነፍሳት ወራትን አንቀላፍቶ የማሳለፍ ጠባይ የለውም። ምግብ እስካለና እስከ ሞቀ ድረስ ትውልድ በትውልድ ላይ ይደራረባል።

ቃሪያዬ ውስጥ ያገኘሁት ትል እሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሦስት ተባዮች ይምታታሉ። ጓይ ትል ትልቅ ነው፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ በጎኑ መስመር አለው፣ ሰፊ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ብዙ ጊዜም ግማሽ አካሉን ውጭ ትቶ ሲበላ ይያዛል። የፍራፍሬ ዝንብ ትል እግርም ሆነ ተለይቶ የሚታይ ጭንቅላት የለውም፤ ነጭ ነው፣ ብዙ ሆኖ ተተራምሶ ይገኛል፣ ካደገ በኋላ ሲነኩት ይፈናጠራል። የእኛው ትል ቡናማ ጭንቅላትና ከጭንቅላቱ ሥር ሦስት ጥንድ እግሮች አሉት፤ ቀላ ያለ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ነው። ቃሪያው ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። የሚያሳብቀው ከግንዱ በሚያያዝበት ዙሪያ ያለች ትንሽ ቀዳዳና ያለ ጊዜው መቅላቱ ነው። በብርቱካን ላይ ደግሞ በቀዳዳዋ ዙሪያ ልጣጩ ቀድሞ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል፤ ፍሬው ትሉ ከገባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይወድቃል።

መለየቱ ገንዘብ ያድናል። ለዝንብ የሚዘጋጅ መርዛማ ማባበያ ለዚህ ትል ምንም አያደርግለትም።

ጽጌረዳ ውስጥ አንድ ትል ቢገኝ አውሮፓ ለምን ይህን ያህል ይቆጣል?

ይህን የሚጠይቁኝ በዝዋይ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ ላስቲክ ቤቶች የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው፤ ንዴታቸውም ይገባኛል። አንዲት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ በጥንቃቄ ቆርጣ ያሰረችው አበባ በአንድ ትል ምክንያት ሲወድቅ ያሳዝናል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አውሮፓ ውስጥ ተባዩ አልተስፋፋም። በደቡብ አውሮፓ የስፔንና የፖርቱጋል የብርቱካን ማሳዎች፣ በሰሜን ደግሞ የቃሪያ መስተዋት ቤቶች አሉ። ስጋቱም መሠረት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድስ አንድ የቃሪያ መስተዋት ቤት ውስጥ ተገኝቶ እንዲጠፋ ተደርጓል። ስለዚህ ኅብረቱ በ2019 ባወጣው የ20 ቅድሚያ ትኩረት የሚሰጣቸው ተባዮች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ቀደም ሲል ከጃንዋሪ 2018 መግቢያ፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቃሪያ፣ ብርቱካን፣ ኮክና ሮማን ላይ ልዩ ግዴታ ጥሎ ነበር። የጽጌረዳው ተራ የደረሰው ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተባዩ ካለበት አገር የሚላክ ጽጌረዳ ከእርሻው እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ተያያዥ የመከላከያ ሥርዓት ያለፈ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

የደንቡ ፍሬ ነገር የመጨረሻ ፍተሻ ብቻውን አይበቃም የሚል ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። እንስቷ እንቁላሏን እንቡጡ ላይ ስትጥል ትሉ በአበባው ቅጠሎች መካከል ሰርጎ ወደ እንቡጡ ልብ ይገባል። በማሸጊያው ክፍል ያለ ዓይን፣ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ የ2 ሚሊ ሜትር ትልን በዝግ እንቡጥ ውስጥ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ሥራው ከበር ይጀምራል፦ በአየር መግቢያዎች ላይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ፣ ድርብ በር፣ የወጥመድ ሳምንታዊ ቆጠራ፣ የተጣሉ እንቡጦችን በክዳን ባለው ዕቃ ሰብስቦ ማጥፋት፣ ከየዕለቱ ምርት ናሙና ወስዶ ጥቂት ቀናት ውኃ ውስጥ አቆይቶ ከፍቶ ማየት። በላስቲክ ቤቱ ዙሪያ ቃሪያና ጉሎ እንዳይበቅል መጠበቅም ከዚሁ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ የመጨረሻው ነው። ለሠራተኞች መመገቢያ ተብሎ ከላስቲክ ቤቱ ጀርባ የተተከለች የቃሪያ መደብ ውድ መረብን ከንቱ ታደርገዋለች።

ሸክሙ ያለ አግባብ ከበደ የሚል ክርክርም አለ። ደቡብ አፍሪካ የአውሮፓ ኅብረት በብርቱካኗ ላይ ያጠበቀውን የማቀዝቀዝ ግዴታ በመቃወም እ.ኤ.አ. በ2022 ለዓለም የንግድ ድርጅት አቤት ብላለች። ቅዝቃዜው የታዘዘው ለቀናት በዜሮ ዲግሪ አካባቢ የቆየ ፍሬ ውስጥ ያለ ትል ስለሚሞት ነው።

መድኃኒት በብዛት ብረጭስ?

እባክዎ አያድርጉት። ትሉ ለመርጨት የሚጋለጠው ከተፈለፈለ በኋላ ልጣጩን እስኪበሳ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚረጩት መርዝ የሚደርሰው ለእሱ ሳይሆን ለሚበላው ሰው ነው። በደቡብ አፍሪካ ትራይፍሉሙሮን የተባለውን መድኃኒት ደጋግመው የረጩ የብርቱካን ማሳዎች ውስጥ ተባዩ መድኃኒቱን እስከ መቋቋም ደርሷል።

ሌላም ጉዳት አለ። ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ አንዲት ተርብ የእሳት እራቷን እንቁላል እየፈለገች የራሷን እንቁላል በውስጡ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ ትል ሳይሆን ሌላ ተርብ ይወጣል። ሁሉን ገዳይ መድኃኒት ሲረጭ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት። ያለ ክፍያ የሚሠራ ዘበኛን ገድሎ ሌባን መጠበቅ ማለት ይህ ነው።

መርጨት የግድ ከሆነ ትሉን ብቻ የሚያጠቁ አሉ። አንደኛው ከአይቮሪ ኮስት ትሎች ተለይቶ የተገኘ ቫይረስ ነው፤ ተባዝቶ ለገበያ ቀርቧል፣ ሰውን፣ ንብንና ተርቧን አይነካም። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያም አለ። ሁለቱም የሚሠሩት ትሉ ሳይገባ ሲበላቸው ስለሆነ ጊዜውን መያዝ ግዴታ ነው። ጊዜውን የሚነግርዎ ወጥመዱ ነው።

ወጥመዱ ራሱ ተባዩን አይጨርሰውም?

አይጨርሰውም። ወጥመዱ የሚስበው በእንስቷ ሽታ ስለሆነ የሚያዙት ወንዶቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት ጥቂት ወንዶች ሁሉንም እንስት ለማስረገዝ ይበቃሉ። ወጥመድ ቆጠራ ነው፦ ቁጥሩ ሲጨምር ከቀናት በኋላ እንቁላል እንደሚኖር ያውቃሉ።

አሥር የብርቱካን ዛፍ ነው ያለኝ። ምን ላድርግ?

የወደቀ ፍሬ ይልቀሙ። ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያደርገውም። የወደቀው ብርቱካን ውስጥ ያለው ትል ገና አልወጣም፤ ፍሬው ከመሬት በቆየ ቁጥር ግን ወጥቶ አፈር ይገባል። በሞቃት ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በሌላው ጊዜ አንዴ ይልቀሙ። ዛፉ ላይ ቀድሞ ቢጫ የሆነና የተበሳ ካዩም ያውርዱት። የለቀሙትን ከዛፉ ሥር ቢከምሩት ምንም አላደረጉም። በወፍራም የላስቲክ ከረጢት አስረው ፀሐይ ላይ ለቀናት ያቆዩት፣ ወይም ፍሬዎቹን ጨፍልቀው በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ። ከወቅቱ ውጭ ዛፉ ላይ የቀሩትን ፍሬዎችም አንድ ሳያስቀሩ ያንሱ።

ጎረቤት አብሮ ካልሠራ ጥቅሙ ያንሳል። የእሳት እራቷ ሩቅ በራሪ አይደለችም፤ ከአጎራባች ማሳ ለመምጣት ግን አቅሙ አላት። በላይኛው አዋሽ ይሁን በአንድ ቀበሌ ጓሮ፣ አንድ ቀን ተመካክሮ በአንድ ላይ መልቀም ብቻን ከመትጋት ይሻላል።

ትል የነበረበትን ብርቱካን ብበላ ይጎዳኛል?

ትሉ መርዝ የለውም። ነገር ግን በቀዳዳው ሻጋታ ይገባል፤ የጠቆረውንና የሸተተውን ክፍል አይብሉ።

ወደ አሜሪካ ወይም ወደ እስራኤል ስሄድ ቃሪያ ይዤ ብሄድስ?

ትኩስ ቃሪያ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ኮክ አይያዙ። የኢትዮጵያን ቃሪያ የሚናፍቅ ዘመድ እንዳለዎ አውቃለሁ፤ በርበሬው ደርቆና ተፈጭቶ ስለሚሄድ ትሉ በሕይወት አይኖርበትም። ትኩሱ ግን ሌላ ነው። በካሊፎርኒያ ቬንቱራ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ወንድ የእሳት እራት ወጥመድ ውስጥ በመገኘቱ ብቻ የግብርና መሥሪያ ቤቶች ሰፊ አሰሳ አካሂደዋል። ከአፍሪካ በሚመጡ መንገደኞች ሻንጣ ውስጥም ትሉ በተደጋጋሚ ተይዟል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ማካዳሚያ ላይ ተገኝቷል፤ ጥጥና ጉሎ ላይም ታይቷል። ጉሎ እዚያም መንገድ ዳር ይበቅላል።

ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል?

በትውልድ አገሩ ከነዱር ፍሬዎቹ ማጥፋት አይቻልም፤ መሞከርም አያስፈልግም። በተወሰነ አካባቢ ቁጥሩን እጅግ ማሳነስ ግን ተችሏል። በደቡብ አፍሪካ ሲትረስዳል በሚባለው ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በፋብሪካ የተፈለፈሉና በጨረር የመከኑ የእሳት እራቶች በብርቱካን ማሳዎች ላይ ይለቀቃሉ። የዱሯ እንስት ከመካን ወንድ ጋር ስትገናኝ ዘሯ ይቋረጣል። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ ቃሊቲ ውስጥ ለገንዲ አስተላላፊዋ የቆላ ዝንብ በዚሁ ዘዴ ተሠርቷል።

በአጥሬ ላይ ያለውን ጉሎ ልቁረጠው?

ከጽጌረዳ ላስቲክ ቤት ወይም ከሰፊ የብርቱካን ማሳ አጠገብ ከሆነ አዎን፣ ይቁረጡት። ምጣድ ለማሟሸት ብለው ያቆዩት የጓሮ ጉሎ ከሆነ ግን አይቁረጡት። ፍሬው ሳይፈነዳ ይልቀሙት፣ ሲፈለፍሉ የተበሳ ካገኙ ከትሉ ጋር እሳት ውስጥ ይጨምሩት፣ መሬት የወደቀውንም ይጥረጉ።